ካሜራው በማን እጅ ነው? አዲሱ ነጻ የብሪታንያ ፊልምና የሚተርከው ታሪክ

(ይህ ጽሑፍ በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ሲሆን ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



 የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። የታሪክ መምህር ስለ ፊልም፣ ያውም ስለ ሩቅ አገር ፊልም ምን አገባው ብላችሁ ብትጠይቁ አልፈርድባችሁም። መልሴን ከራሳችን ታሪክ ልጀምር።

በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ የደረሰውን እልቂት የሚያሳይ ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ርእሱ «ያልታወቀው ረኀብ» የሚል ነበር። የብሪታንያ ሕዝብ አይቶ ደነገጠ፤ ለእርዳታም እጁን ዘረጋ። ዓመት ሳይሞላ ያው ምስል ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ድግስና ከተድላ ኑሮ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቶቹ ብዙና የቆዩ ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ምስል በለንደን ለምጽዋት፣ በአዲስ አበባ ለሥልጣን ሽግግር ማገልገሉን ልብ በሉልኝ። በሁለቱም ጊዜ የተቀረጸው የወሎ ገበሬ ስለ ምስሉ የተጠየቀው ነገር አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የኮረም መጠለያ ሰቆቃ በቢቢሲ ታየ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ቀራጩ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበሩ። ይህንን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማናስታውሰው ግን የብሪታንያ ቤተሰብ ያን ምሽት ኮረምን ሲመለከት የገዛ አገሩ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ካቆሙ ስምንተኛ ወራቸውን ይዘው እንደ ነበር ነው። በማዕድን መንደሮች ደመወዝ የተቋረጠባቸው ቤተሰቦች በጋራ ወጥ ቤቶች ይመገቡ ነበር። እኛን በረኀባችን ያወቀን አገር በራሱ ጓዳ ውስጥም የሚነገር ታሪክ ነበረው ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያ ካሜራ ፊቱን ወደ ገዛ ቤቱ ሲመልስ ምን አየ? ምስሉስ ለታሪክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ምስክር ይሆናል?

ነጻ ፊልም ከየት መጣ?

«ነጻ ፊልም» ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ላብራራ። በብሪታንያ የሚቀረጹ ብዙ ታላላቅ ፊልሞች ገንዘባቸው ከአሜሪካ ስቱዲዮዎች የመጣ ነው፤ ባለሙያው የብሪታንያ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሆሊውድ ይሆናል። ነጻ የሚባለው ፊልም ከዚህ ውጭ፣ በአነስተኛ በጀት የሚሠራው ነው። የገንዘቡ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት በር ነው፦ ከብሔራዊ ሎተሪ ድርሻ የሚያገኘው የብሪታንያ ፊልም ተቋም፣ የቢቢሲ የፊልም ክፍልና የቻናል ፎር የፊልም ክፍል።

ሥሩን ለመፈለግ ወደ የካቲት 1956 መመለስ ያስፈልጋል። ሊንዚ አንደርሰን፣ ካሬል ራይሽ፣ ቶኒ ሪቻርድሰንና ሎሬንዛ ማዜቲ የተባሉ ወጣቶች አጫጭር ፊልሞቻቸውን «ነጻ ሲኒማ» በሚል ስም በለንደን አንድ ላይ አሳዩ። ከአራቱ ራይሽ በልጅነቱ ከቼኮስሎቫኪያ የተሰደደ፣ ማዜቲ ደግሞ ጣሊያናዊት ነበሩ። የእንግሊዝን ተራ ሕዝብ በጭፈራ ቤቱና በመንገዱ ላይ ለማየት ከተነሡት መካከል ባይተዋሮች መገኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። እንግዳ ዓይን የቤቱ ባለቤት የለመደውን ነገር ያያል።

ከዚያ የኬን ሎች ዘመን መጣ። በ1966 በቢቢሲ የታየው «ካቲ ካም ሆም» ቤት አጥታ ልጆቿን ስለ ተነጠቀች እናት የሚተርክ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። «ሼልተር» የተባለውን የቤት አልባዎች ድርጅት ይህ ፊልም እንደ ወለደው ደጋግሞ ይጻፋል። ድርጅቱ ግን አስቀድሞ የታሰበበት ነበር፤ ፊልሙ ከታየ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ መጀመሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ፊልሙ ያደረገው ነገር ሕዝቡ ድርጅቱን ለመስማት ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቀው ነው። ፊልም ሕግ አያወጣም፣ ቤትም አይሠራም፤ የሰውን ጆሮ ግን ይከፍታል። ሎች በ1969 ባወጣው «ኬስ» ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለከሰል ጉድጓድ ብቻ የሚያዘጋጀውን፣ አንዲት ጭልፊት በማሠልጠን ግን የራሱን ክብር ያገኘውን የባርንዝሊ ልጅ አሳየን።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ አንድ የጎደለ ሰው ነበር። ከካሪቢያን፣ ከአፍሪካና ከእስያ መጥቶ የብሪታንያን አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሆስፒታሉን የሚያጸዳው ሰው። የትሪኒዳድ ተወላጁ ሆረስ ኦቬ በብሪታንያ ፊልም ተቋም ድጋፍ የሠራው «ፕሬዠር» የመጀመሪያው የጥቁር ብሪታንያውያን ሙሉ ፊልም ሲሆን፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለሕዝብ ሳይታይ ቆይቶ በ1976 ወጣ። በ1981 «በርኒንግ አን ኢሉዥን» ተከተለ። የዚህ ፊልም ዳይሬክተር ባርባዶስ ተወልዶ ለንደን ያደገው ምኒልክ ሻባዝ ነው። ስሙን ስትሰሙ ፈገግ ማለታችሁን አያለሁ። የአድዋ ድል ንጉሥ ስም ከካሪቢያን በተነሣ ቤተሰብ በኩል አልፎ በለንደን የፊልም መግለጫ ላይ መጻፉ፣ ታሪካችን እኛ ሳናውቀው ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይነግረናል።

በኅዳር 1982 ቻናል ፎር ሥርጭት ሲጀምር በሩ ሰፋ። ጣቢያው ከትልልቅ ፊልሞች በተጨማሪ በማኅበር የተደራጁ ወጣት ባለሙያዎችን ይደግፍ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የጥቁር ድምፅና ምስል ማኅበር፣ በጋና ተወላጁ በጆን አኮምፍራ ዳይሬክተርነት «ሃንድስዎርዝ ሶንግስ»ን በ1986 አቀረበ። በ1985 በበርሚንግሃም ስለ ተነሣው ሁከት የሚናገረው ይህ ሥራ፣ መጤዎች ከመርከብ ሲወርዱ የሚያሳዩ የቆዩ የዜና ምስሎችን ከቤተ መዛግብት አውጥቶ እንደ ገና ያናግራቸዋል። በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምስል ተቀናብሮ ትርጉሙ እንደ ተለወጠ አይተናል። እዚህ ግን ምስሉን ያቀናበሩት የተቀረጹት ሰዎች ልጆች ነበሩ።

ወረቀቱና ሆዱ

አሁን ወደ አዲሶቹ ልምጣ። ካለፉት አሥር ዓመታት ሥራዎች ጥቂቶቹን ብቻ መርጫለሁ።

በ2016 በካን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘው የሎች «እኔ ዳንኤል ብሌክ» የኒውካስል አናጢ ታሪክ ነው። ልቡ ታሞ ሐኪሙ «አትሥራ» ይለዋል፤ የመንግሥት ገምጋሚ ደግሞ በነጥብ ቆጥሮ «መሥራት ትችላለህ» ይለዋል። ድጎማ ለማግኘት ሊሠራው የማይችለውን ሥራ እየዞረ መፈለግ አለበት። ቅጹ የሚሞላው በኮምፒውተር ነው፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የያዘው መዶሻና መጋዝ ነው። ከለንደን ወደዚያ ከተማ የተላከችው ኬቲ ደግሞ ልጆቿን አብልታ እርሷ ጾሟን ታድራለች። ለችግረኞች ነጻ ምግብ በሚታደልበት ቤት ውስጥ ረኀቡ አሸንፏት ቆርቆሮውን እዚያው ከፍታ በእጇ ስትበላ የምናይበት ትዕይንት አለ። ከመብላቷ ይልቅ የሚያስለቅሰው ከዚያ በኋላ የሚይዛት እፍረት ነው። «ከድህነት ክፋቱ ማፈሩ» የሚያሰኝ ነገር ለእኛ ተመልካች ትርጓሜ አያሻውም።

ይህን ፊልም ሳይ ወዲያው የማስበው ነገር አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የዳንኤልን ዓይነት ሰው በመዝገብ ሲፈልግ የሚያገኘው የነጥብ ድምርና «ውድቅ ሆኗል» የሚል ቃል ነው። መዝገቡ አይዋሽም፤ ነገር ግን ያላየውን አይናገርም። ፊልሙ በመዝገቡ መስመሮች መካከል የነበረውን ሰው ያስቀምጣል።

ይህ መስመር ዛሬም አልተቋረጠም። ስኮትላንድ የምትኖረው ፖርቱጋላዊቷ ላውራ ካሬራ በ2024 ያወጣችው «ኦን ፎሊንግ» በስኮትላንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየለቀመች የምታቀርብ ፖርቱጋላዊት ሠራተኛን ይከተላል። በእጇ ያለው የዕቃ መለያ ማንበቢያ መሣሪያ እያንዳንዱን ደቂቃዋን ይቆጥራል። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚጮህ አለቃ የለም፣ አድማም የለም። ያለው ብቸኝነት ነው፤ የጋራ ወጥ ቤት ካላቸው የ1984 መንደሮች ወዲህ ምን እንደ ተለወጠ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ባሕሩና ቤቱ

የማርክ ጄንኪን «ቤይት» (2019) ትርጉሙ ዓሣ የሚታለልበት ምግብ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጫፍ፣ በኮርንዎል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ማርቲን ጀልባ የሌለው አጥማጅ ነው። የአባታቸውን ጀልባ ወንድሙ ቱሪስት ያመላልስባታል፤ የተወለዱበትን ቤት ደግሞ የከተማ ሀብታሞች ለበጋ መዝናኛ ገዝተው በመረብና በገመድ አስጊጠውታል። ለማርቲን አባት እንጀራ የነበረው መረብ ለእነርሱ የግድግዳ ጌጥ ሆኗል። ማርቲን ዓሣ በሸጠ ቁጥር ጥቂት ብር «ጀልባ» ተብሎ በተጻፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል።

ጄንኪን ይህን የቀረጸው እንደ ሰዓት በሚጠመዘዝ አሮጌ የ16 ሚሊሜትር ካሜራ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ካሜራው አንዴ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ይሠራል። ፊልሙን በገዛ እጁ አጠበው፤ ድምፁም በሙሉ በኋላ የተጨመረ ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው ጭረትና ነጠብጣብ የእጅ ሥራ ምልክት ነው። የእጅ ሙያ እየጠፋ መሆኑን የሚናገር ታሪክ በእጅ ሙያ መነገሩ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቤት የሚገዛው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሕጋዊ ውል አለው። መንደሩ ግን በሕጋዊ ውል ይሞታል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተወለደበት ሰፈር ፈርሶ ሌላ ነገር የተሠራበት ሰው ካለ ማርቲንን ለመረዳት ኮርንዎልን ማወቅ አያስፈልገውም።

ልጆቹና መጠባበቁ

በዚያው በ2019 የተሠራው የሳራ ጋቭሮን «ሮክስ» የምሥራቅ ለንደን ልጃገረዶች ፊልም ነው። እናቷ ጥላት የሄደች፣ ትውልደ ናይጄሪያ የሆነች ተማሪ፣ ታናሽ ወንድሟን ከመንግሥት አሳዳጊዎች ለመደበቅ ከቤት ቤት ትንከራተታለች። ደራስያኑ ቴሬዛ ኢኮኮና ክሌር ዊልሰን ጽሑፉን ያዳበሩት ከለንደን ትምህርት ቤቶች ከተመረጡ ልጃገረዶች ጋር ለረጅም ጊዜ አብረው በመሥራት ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ቡኪ ባክራይ ቀድሞ በፊልም ተጫውታ አታውቅም፤ ቆይታ ግን የብሪታንያ ፊልም አካዳሚን የወጣት ተስፈኞች ሽልማት ወሰደች። የቅርብ ጓደኛዋ ሱማያ ሶማሌ ናት። ልጃገረዶቹ በስልካቸው የቀረጿቸው ምስሎችም በፊልሙ ውስጥ ገብተዋል። እነሆ ካሜራው ቃል በቃል እጅ ለወጠ።

ስደትን በተመለከተ ሁለት ፊልሞች ላንሣ። የስኮትላንዳዊው ቤን ሻሮክ «ሊምቦ» (2020) ነፋስ በሚገርፈው የስኮትላንድ ደሴት ላይ የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቁ ሰዎችን ያሳያል። ሶርያዊው ሙዚቀኛ ኦማር የአያቱን ኡድ ተሸክሞ ይዞራል፤ መጫወት ግን አልቻለም። እንዳይሠሩ ይከለከላሉ፤ እንዲሄዱም አይባሉም። የሬሚ ዊክስ «ሂዝ ሀውስ» (2020) ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የሸሹ ባልና ሚስት በተሰጣቸው አሮጌ ቤት ውስጥ የሚያዩትን መናፍስት በአስፈሪ ፊልም ስልት ይተርካል። ባልየው እንግሊዛዊ ለመምሰል ይጣጣራል፤ ሚስትየው ሙታኖቻቸውን ክዶ መኖር እንደማይቻል ታውቃለች። የስደት ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ባሕሩ ሲሻገር ትረካቸውን ያቆማሉ። እነዚህ ሁለቱ ታሪኩ ከዚያ በኋላ እንደሚጀምር ያሳዩናል። ከቤተሰቡ መካከል በአንድ የአውሮፓ ከተማ «ወረቀት» የሚጠብቅ ልጅ፣ እኅት ወይም ወንድም የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ጥቂት ይመስለኛል። በስልክ «ደህና ነኝ» የሚለው ድምፅ የሚደብቀውን ነገር በኦማር ፊት ላይ አይተነዋል።

ትዝታ እንደ ሰነድ

ከሁሉም ለታሪክ ጸሐፊ ትምህርት ሰጪ ሆኖ ያገኘሁት ስለ ታሪክ ምንም የማይናገር የሚመስለው ነው። የሻርሎት ዌልስ «አፍተርሰን» (2022) አንድ ወጣት አባትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቱርክ የባሕር ዳርቻ ያሳለፉትን ዕረፍት ያሳያል። ይዋኛሉ፣ ይቀልዳሉ፣ በትንሽ ቪዲዮ ካሜራ ይቀራረጻሉ። ከዓመታት በኋላ ልጅቱ አድጋ፣ ያኔ የነበረውን የአባቷን ዕድሜ ይዛ፣ ያን ካሴት ትመለከታለች። አባቷ በኀዘን እየሰጠመ እንደ ነበር ለልጅነት ዓይኗ አልታያትም ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ፊልሙ በግልጽ አይነግረንም።

ይህች ሴት የምታደርገው እኛ ቤተ መዛግብት ውስጥ የምናደርገውን ነው። በእጇ ያለው ጥቂት ደቂቃ ምስል ነው፤ የሚጎድለውን ታውቃለች፤ ምስሉን ደጋግማ የምትጠይቀው ግን የተቀረጸበት ጊዜ ያላወቀውን ጥያቄ ነው። ሰነድ ሲጻፍ ያልታሰበበትን ነገር የሚናገረው እንዲህ ለሚጠይቀው ሰው ነው።

ጥንቃቄዎች

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ገታ አድርጌ ሦስት ጥንቃቄ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ እነዚህ ልብ ወለዶች ናቸው። ዳንኤል ብሌክ የሚባል ሰው አልነበረም፤ የቀድሞው የሥራና ጡረታ ሚኒስትር ኢየን ዳንከን ስሚዝ ፊልሙ የድጎማ ቢሮ ሠራተኞችን አለ አግባብ እንደ ሣለ ተናግረዋል። ተማሪዎቼ ይህንንም ክርክር እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። ፊልሙ ለሁኔታው ስሜት ምስክር እንጂ ለእያንዳንዱ ድርጊት ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሦስቱ የገንዘብ በሮች ያልከፈቱለት ታሪክ አልተሠራም፤ ስለዚህ ያየነው የተነገረውን ብቻ ነው። መንግሥት በ2024 በጀታቸው እስከ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ለሆኑ ነጻ ፊልሞች ልዩ የግብር ቅናሽ ማወጁ በሩን ሊያሰፋ ይችላል፤ ገንዘብ ግን ምንጊዜም ምርጫ አለው። ሦስተኛ፣ የስደተኛውን ታሪክ የቀረጸው ስኮትላንዳዊ ነው። ሻሮክ ኦማርን በክብር እንደ ያዘው አምናለሁ፤ የወሎው ገበሬ ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ መልስ አላገኘም።

ወደ መልሱ የሚቀርቡ ግን አሉ። በ2025 በካን ፌስቲቫል የታየው «ማይ ፋዘርስ ሻዶ» የብሪታንያና የናይጄሪያ ልጅ የሆነው አኪኖላ ዴቪስ ከወንድሙ ከዋሌ ጋር የጻፈው ነው። በ1993 ምርጫ ሰሞን ሁለት ሕፃናት ከአባታቸው ጋር ሌጎስ ውስጥ የሚያሳልፉትን አንድ ቀን ይተርካል። በብሪታንያ ገንዘብና ሙያ ታግዞ ካሜራውን ወደ አባቱ አገር የመለሰው እዚህ ላይ የቤቱ ልጅ ነው።

ሌላው ራሱ ሎች በ2023 ያወጣው «ዘ ኦልድ ኦክ» ነው። በደርሃም የቀድሞ የከሰል መንደር ሶርያውያን ስደተኞች ይመጣሉ። ያራ የምትባል ወጣት ፎቶ ታነሣለች፤ በደረሰችበት ቀን አንዱ የመንደሩ ሰው ካሜራዋን ይሰብርባታል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የኋላ ክፍል ሲከፍትላት በግድግዳው ላይ የ1984ቱን አድማ ፎቶዎች ታያለች፤ መንደሩ በአንድ ማዕድ የበላበትን ዘመን። ያ ክፍል እንደ ገና የጋራ መመገቢያ ይሆናል። ያራም የመንደሩን ሰዎች ፎቶ አንሥታ ራሳቸውን ታሳያቸዋለች። በኮረም ዘመን እኛን በመስኮት ያዩን ሰዎች፣ በፊልሙ ዓለም፣ በስደተኛዋ ዓይን ራሳቸውን አዩ።

የእኛ ድርሻ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ስለ ፊልም ግን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ፤ በፊልም ያለ ካልተጠበቀ ይበሰብሳል። የሆረስ ኦቬ «ፕሬዠር» በ2023 ታድሶ ለአዲስ ትውልድ የታየው ቅጂውን ያስቀመጠ ተቋም ስለ ነበረ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የዲምብልቢ ምስል ዓለምን በዞረበት፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974፣ ኃይሌ ገሪማ ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸ። በዚያ ፊልም ገበሬው የሚታዘንለት ብቻ አይደለም፤ ይናገራል፣ ይፈርዳል። የዚያን ዘመን የመሬት ሥሪት ለምታጠኑ ተማሪዎቼ፣ ከጭሰኛ ውሎችና ከግብር መዝገቦች ጎን ይህን ፊልም እንድታስቀምጡት አደራ እላለሁ። አንዱ ስንት ቁና እንደ ተሰፈረ ይነግራችኋል፤ ሌላው የሰፈረው እጅ ምን ይመስል እንደ ነበር ያሳያችኋል።

ይህንን ገለጻ ያዘጋጀሁት ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ የአያታችሁን ንግግር፣ የሰፈራችሁን መፍረስ፣ በስልክ «ደህና ነኝ» የሚለውን ወንድማችሁን በገዛ እጃችሁ እንድትመዘግቡ ተስፋ አድርጌ ነው። መሣሪያው በኪሳችሁ አለ። የቀረጻችሁትንም የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ አኑሩት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ዛሬ እኛ ያላሰብነውን ጥያቄ ይጠይቀዋልና።